«ጫኝና አውራጅ» የተባለው አስተርጓሚ

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን የባዮሎጂ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ክንፍ ያለው፣ ከኋላ ወንበር ሲያዩት የአንገት መስቀል የሚመስል ቅርጽ በጠመኔ ሣሉና «ይኼኛው ጫኝና አውራጁ ነው» አሉን። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ቀለለ። ዲኤንኤ የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ሜሴንጀር አርኤንኤ ትእዛዝ አድራሹ፤ ራይቦዞም ፋብሪካው፤ ትራንስፈር አርኤንኤ ደግሞ አሚኖ አሲድ በጀርባው አዝሎ መጥቶ፣ ፋብሪካው በር ላይ አራግፎ የሚመለስ ወዛደር። ፈተና ላይ «የትራንስፈር አርኤንኤ ሥራ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። «አሚኖ አሲድ ማጓጓዝ» ብዬ ጽፌ አንድ ነጥብ አገኘሁ። ያቺን ነጥብ ዛሬ ብመልሳት ደስ ይለኛል።

መምህሬን አልወቅስም፤ እሳቸው ያስተማሩን መጽሐፉ ያለውን ነው፤ መጽሐፉም የጻፈው በዓለም ሁሉ ሲባል የኖረውን ነው። ክርክሬ ከዚያ ሲባል ከኖረው ጋር ነው። አስተሳሰቡን እንደ ድስት ተሸክመው ያቆሙት ሦስት ጉልቻዎች አሉ። አንደኛው፣ ትራንስፈር አርኤንኤ ያመላልሳል እንጂ አይወስንም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ቅጂው ብዙ ስለሆነ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንለታል የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ በሽታ የሚመጣው ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ሲሳሳት ነው፤ እንዲህ ያለ ተላላኪ ሞለኪውል ሰው አያሳምምም የሚለው ነው። ሦስቱንም አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ድስቱ ከወደቀ ይውደቅ።

ጥፋቱ ከስሙ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1955 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ፍራንሲስ ክሪክ «የአርኤንኤ ከረባት ክበብ» በሚባል የሳይንቲስቶች ማኅበር አባላት መካከል አንድ ጽሑፍ አዞረ። ክበቡ በሃያዎቹ አሚኖ አሲዶች ልክ ሃያ አባላት ነበሩት። ክሪክን ያስጨነቀው ነገር፣ ዲኤንኤና አርኤንኤ የተጻፉባቸው ፊደላት አሚኖ አሲድን በቀጥታ የሚያውቁበት ኬሚካላዊ መንገድ አለመኖሩ ነበር። አንዱ ወገን አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ ሌላው ወገን ያንን ቋንቋ ከነጭራሹ አይሰማም። ስለዚህ መካከል ላይ ሁለቱንም የሚያውቅ አንድ ሦስተኛ አካል መኖር አለበት አለ። ገና ማንም ያላየውን ይህን አካል «አዳፕተር» ብሎ ጠራው፤ ሁለት የማይገጥሙ ነገሮችን የሚያገናኝ ማለቱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ፣ በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የሚሠሩት ማህሎን ሆግላንድና ፖል ዛሜክኒክ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ አሚኖ አሲድ ወደ ፕሮቲን ከመግባቱ በፊት የሚጣበቅበትን ትንሽ አርኤንኤ አገኙ። ዝርዝሩን በ1958 አሳተሙት። ክሪክ ራሱ መጀመሪያ ላይ ተጠራጥሮ ነበር፤ እርሱ ያሰበው በጣም ትንሽ ነገር ነው፣ የተገኘው ግን ተለቀ። በኋላ ግን አንድ መሆናቸው ተረጋገጠ። ሞለኪውሉ መጀመሪያ «የሚሟሟ አርኤንኤ» ተባለ፤ ቆይቶ «ትራንስፈር» የሚለው ስም ጸናበት። አስተርጓሚ ተብሎ የተጸነሰው፣ አመላላሽ ተብሎ ተጠመቀ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚባለው እዚህ ላይ አልሠራም።

አስተርጓሚና አመላላሽ ምን ለውጥ አላቸው የሚል ካለ፣ አብረን ችሎት እንግባ። ዳኛው የተከሳሹን ቋንቋ አያውቁም። ተከሳሹ ይናገራል፤ አስተርጓሚው ይተረጉማል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው አስተርጓሚው «እንዲህ ይላል» ያለው ነው። አስተርጓሚው «አልገደልኩም» የተባለውን «ገድያለሁ» ብሎ ቢያሳልፈው፣ ዳኛው የሚያርሙበት መንገድ የለም፤ በሰሙት ይፈርዳሉ። ዕቃ ተሸካሚ ሲሳሳት ዕቃው ይጠፋል፤ አስተርጓሚ ሲሳሳት ሰው ይሰቀላል።

የሕዋሱ ችሎትም እንዲሁ መሆኑን በ1962 የታተመ አንድ ሙከራ አሳይቷል። ፍራንሷ ሻፕቪል፣ ፍሪትዝ ሊፕማንና ባልደረቦቻቸው ሲስቲን የተባለ አሚኖ አሲድ የተጣበቀበት ትራንስፈር አርኤንኤ ወሰዱ። ሲስቲን በውስጡ ድኝ አለው። ድኙን በኒኬል ሲነጥቁት፣ አሚኖ አሲዱ እዚያው እንደተጣበቀ ወደ አላኒን ተለወጠ። እንግዲህ መታወቂያው የሲስቲን፣ ጭነቱ ግን አላኒን የሆነ ሞለኪውል በእጃቸው ገባ። ይህን ፕሮቲን ወደሚሠራበት ቅልቅል ጨመሩትና ጠበቁ። ራይቦዞሙ ጭነቱን ፈትሾ ይመልሰው ይሆን? አልመለሰውም። መልእክቱ ሲስቲን በሚልበት ቦታ አላኒን ተሰካ። ራይቦዞም የሚያየው መታወቂያውን ብቻ ነው፤ ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ አይከፍትም። የሦስት ፊደል ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ትራንስፈር አርኤንኤ ላይ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሌላ አራሚ የለም።

ጠንከር ያለ ተከራካሪ እዚህ ላይ ያቋርጠኛል። «ጭነቱን የሚመርጠው እኮ ሲንተቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው፤ ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ የየራሱ ኢንዛይም አለው። ትራንስፈር አርኤንኤ የጫኑበትን ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ያው ተሸካሚ ነው» ይለኛል። ጥሩ ክርክር ነው። ታዲያ ኢንዛይሙ የትኛውን ሞለኪውል መጫን እንዳለበት በምን ያውቃል? በ1988 ያ-ሚንግ ሁና ፖል ሺመል መልሱን አመጡ። የአላኒን ትራንስፈር አርኤንኤ በክንዱ ላይ፣ በ3ኛውና በ70ኛው ፊደል መካከል፣ ጂ እና ዩ የተጣመሩበት ያልተለመደ ጥንድ አለ። ተመራማሪዎቹ ይህችን አንዲት ጥንድ አንሥተው የሲስቲን ትራንስፈር አርኤንኤ ላይ ሲያደርጓት፣ ሞለኪውሉ አላኒን መሸከም ጀመረ። ሌላው አካሉ የሲስቲን እንደሆነ ነው፤ ማንነቱን ግን ያቺ ጥንድ ለወጠችው። መታወቂያው የተጻፈው ሞለኪውሉ ላይ ነው፤ ኢንዛይሙ እርሱን አንብቦ ይታዘዛል። ጫኙን አዞ የሚያስጭን ጫኝና አውራጅ መርካቶ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ጉልቻ ተነቅሏል። ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

በሰው የሕዋስ ኒውክለስ ውስጥ ከ400 በላይ የትራንስፈር አርኤንኤ ጂኖች አሉ። ለፕሮቲን የሚውሉት የሦስት ፊደል ቃላት ግን 61 ናቸው። ቁጥሩን ያየ ሰው «ትርፍ ሞልቷል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ» ማለቱ አይገርምም። ለረጅም ጊዜም እንዲሁ ተብሏል። ይህን እምነት የሰበረችው አንዲት አይጥ ናት።

ሲ57 ብላክ 6 ጄ የሚባለው ጥቁር የአይጥ ዝርያ በዓለም ላብራቶሪዎች ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራበት ነው። በ2002 ይፋ የሆነው የአይጥ ሙሉ ጂኖምም የተነበበው ከዚሁ ዝርያ ነበር። የካንሰር፣ የስኳር፣ የአንጎል ምርምር እልፍ ጊዜ የተሠራው በእርሱ ላይ ነው። በ2014 በአሜሪካ ሜን ግዛት በጃክሰን ላብራቶሪ የሱዛን አከርማን ቡድን፣ አንጎላቸው እየመነመነ የሚንገዳገዱ አይጦችን መንስኤ ሲከታተል ያልጠበቀው ነገር ላይ ደረሰ። ይህ ታዋቂ ዝርያ፣ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ በብዛት የሚሠራ አንድ የአርጂኒን ትራንስፈር አርኤንኤ ጂኑ የተበላሸ ነበር። ተመሳሳይ ቃል የሚያነቡ ሌሎች ዘመድ ጂኖች ቢኖሩም፣ አንጎል ውስጥ ትልቁን ሸክም የሚይዘው እርሱ ነው። ጉድለቱ ብቻውን ሲሆን ራይቦዞም እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ሌላ ፕሮቲን መጥቶ ያስለቅቀዋል፣ ሥራው ይቀጥላል። የሚያስለቅቀው ፕሮቲን ሲጠፋ ግን መንገዱ ይዘጋና የነርቭ ሕዋሱ ይሞታል።

ነገሩን ረጋ ብለን እናስበው። የዓለም ተመራማሪ ሁሉ በየቀኑ የሚይዛት አይጥ፣ በአንጎሏ ውስጥ ጎዶሎ አስተርጓሚ ይዛ ስንት ዓመት ኖረች፤ ያስተዋለ አልነበረም። ለምን? «ትርፍ አለ» ስለተባለ አልተፈለገማ! ቅጂ ሁሉ በየአካሉ እኩል እንደማይሠራ፣ የአንዱ አካል ትርፍ የሌላው አካል የግድ ሊሆን እንደሚችል የተማርነው እንዲህ ነው። አንድ ወረዳ ውስጥ አርባ ሐኪም መኖሩ፣ አዋላጅዋ የሞተችበትን ቀበሌ አያድነውም።

ሦስተኛው ጉልቻ ከሁሉ ይከብዳል፤ የሰው ጤና ያለው በእርሱ ላይ ነውና።

በሕዋሳችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች የራሳቸው ትንሽ ዲኤንኤ አላቸው፤ ከእናት ብቻ የሚወረስ፣ 16,569 ፊደላት ያሉት። በላዩ 37 ጂኖች ተጽፈዋል፤ 13ቱ ፕሮቲን ያሠራሉ፣ 2ቱ የራይቦዞም አርኤንኤ ናቸው፣ 22ቱ ትራንስፈር አርኤንኤ ናቸው። እነዚህ 22 ጂኖች በርዝመት ሲለኩ ከጠቅላላው ዲኤንኤ አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆኑ ነው። በሽታ እንደሚያመጡ ከታወቁት የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ለውጦች ግን ከግማሽ በላይ የሚገኙት በእነርሱ ላይ ነው። ይህ አኃዝ ብቻውን «ተላላኪ አያሳምምም» የሚለውን አፍ መዝጋት ነበረበት።

አኃዙ የሰው ፊት እንዲኖረው አንዲት ፊደል ልከተል። በ1990 ዩ-ኢቺ ጎቶና ባልደረቦቻቸው ከጃፓን አንድ ግኝት አሳተሙ። ሜላስ የሚባለው በሽታ ያለባቸውን ሰዎች መረመሩ፤ በሽታው ወጣቶችን ስትሮክ በሚመስል ድንገተኛ ጉዳት የሚመታ፣ የሚጥል ሕመምና የጡንቻ ድካም የሚያመጣ ነው። ከአብዛኞቹ ሕሙማን የተገኘው አንድ ዓይነት ለውጥ ነበር፤ በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 3243ኛው ቦታ ላይ ኤ የነበረው ጂ ሆኗል። ቦታው የፕሮቲን ጂን አይደለም፤ የሉሲን ትራንስፈር አርኤንኤ ነው። በ1992 ደግሞ የሆላንድ ተመራማሪዎች ያቺኑ ፊደል ከሌላ ቤት አገኟት፤ የስኳር በሽታና የጆሮ መደንቆር በእናት መስመር አብረው ከሚወርዱበት ቤተሰብ። አንድ ፊደል፣ ሁለት መልክ። ልዩነቱ የሚመጣው በአንድ ሕዋስ ውስጥ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቅጂ እጅግ ብዙ በመሆኑ ነው፤ የተሳሳተውና ደኅናው ተደባልቀው ይወረሳሉ። የተሳሳተው በአንጎል ከበዛ በአንጎል፣ በጣፊያ አጠገብ ባለው ቆሽት ከበዛ በስኳር፣ በጆሮ ከበዛ በመስማት ይገለጣል።

ያቺ ፊደል ምን አጠፋች? መልሱ ለክርክሬ ወሳኝ ነው። ትራንስፈር አርኤንኤ ከተሠራ በኋላ በኬሚካል ይሸለማል፤ ፊደላቱ ላይ ልዩ ልዩ ጌጥ ይጨመርበታል፤ በሰው ሕዋስ አንዱ ሞለኪውል በአማካይ አሥራ ሦስት ያህል እንዲህ ያለ ጌጥ አለው። ከጌጦቹ አንዱ ታውሪን ነው፤ ቃሉ በሚነበብበት ጫፍ ላይ ይቀመጣል። የቶኪዮው ጹቶሙ ሱዙኪና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ 3243 ላይ ለውጥ ሲኖር ይህ የታውሪን ጌጥ ይጠፋል፤ ሞለኪውሉም አንዳንድ የሉሲን ቃላትን በቅጡ ማንበብ ያቅተዋል። ሸክሙን አልጣለም፤ ንባቡ ነው የጠፋው። አስተርጓሚው አለ፣ መነጽሩ ግን የለም። ይህን ያስተዋሉ የጃፓን ሐኪሞች አሥር የሜላስ ሕሙማንን ለአንድ ዓመት በብዙ ግራም ታውሪን አከሙ፤ ስድስቱ በዚያ ጊዜ ስትሮክ መሰሉ ጉዳት አልደገማቸውም። ውጤቱ በ2018 ታተመ፤ በ2019 ጃፓን ሕክምናውን ፈቀደች። አሥር ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፤ ታውሪን መድኃኒተ ሥጋ ነው እያልኩም አይደለም። ነገር ግን ሕክምናው የተገኘው ሞለኪውሉን እንደ አንባቢ ካዩ ሰዎች መሆኑ ይታወስልኝ። ወዛደር ነው ያለ ሰው ስለ መነጽሩ አይጠይቅም።

ማይቶኮንድሪያ ልዩ ዓለም ነው የሚል ካለ ወደ ተራው ሕዋስ ልመለስ። ሻርኮ-ማሪ-ቱዝ የሚባለው የነርቭ በሽታ እግርን ከቁርጭምጭሚት ያደክማል፣ የእጅን ጡንቻ ያቀጥናል። በ2003 ከመንስኤዎቹ አንዱ ግላይሲንን የሚጭነው ሲንተቴዝ ጂን መሆኑ ታወቀ። ዓመታት ያለፉት «ኢንዛይሙ ስለደከመ ነው» በሚል ግምት ነበር፤ ይሁንና የመጫን ኃይላቸው ያልጎደለ የተለወጡ ኢንዛይሞችም በሽታውን ያመጣሉ። እንቆቅልሹ የተፈታው በ2021 ነው። የተለወጠው ኢንዛይም የግላይሲን ትራንስፈር አርኤንኤን ይይዝና ቶሎ አይለቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሞለኪውሉ በኢንዛይሙ እጅ ታግቶ ይቀራል፤ ራይቦዞሞች ግላይሲን የሚል ቃል ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ተመራማሪዎቹ የበሽታው ዝንቦችና አይጦች ላይ የዚህን ትራንስፈር አርኤንኤ ጂን ሲያበዙላቸው ሕመሙ ተከለከለ። ኢንዛይሙን አልነኩትም፤ አስተርጓሚውን አበዙ።

ትንሽ የትርጉም ስሕተት ብቻ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ የ2006ቱ አይጥ ትመስክር። ፀጉሯ የተጣበቀ ስለሚመስል «ስቲኪ» ያሏት ይህች አይጥ፣ የአላኒን ሲንተቴዟ የራሱን ስሕተት የማረም አቅሙ በመጠኑ ቀንሶ ነበር። አልፎ አልፎ በአላኒን ፈንታ ሰሪን ይጫናል፤ ይኸው ነው። የተሳሳቱ ፕሮቲኖች ግን በጥቂት በጥቂቱ ተከማችተው፣ ሚዛን የሚጠብቁትን የትንሹ አንጎል ትላልቅ ሕዋሳት ገደሏቸው። አይጧ መሄድ አቃታት።

አሁን ደግሞ «እነዚህ ሁሉ ብርቅ በሽታዎች ናቸው፤ ለጥቂቶች ብለን መጽሐፍ አንቀይርም» የሚለው ይመጣል። ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ብርቅነቱ አጠያያቂ ነው። በአውስትራሊያ ተራውን ሕዝብ የመረመረ ጥናት በ2007 እንደገለጸው፣ የ3243ን ለውጥ የያዘ ሰው ከ100,000 መካከል 236 ነው፤ ከአራት መቶ ሰው አንድ ማለት ይቀርባል። አብዛኛው አይታመም ይሆናል፤ የታመመው ግን «ተራ ስኳር» ተብሎ ሊታከም ይችላል። ሁለተኛ፣ ተራ የሚባለው ስኳርም ራሱ ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም። በ2007 በብዙ አገር የተደረጉ ሰፋፊ የጂን ጥናቶች ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከሚያጋልጡ ጂኖች አንዱ ሲዲኬኤኤል1 መሆኑን አወቁ፤ ምን እንደሚሠራ ግን ግልጽ አልነበረም። በ2011 ሥራው ታወቀ፤ የላይሲን ትራንስፈር አርኤንኤ ላይ ከቃል ማንበቢያው አጠገብ ጌጥ የሚጨምር ኢንዛይም ነው። ጌጡ ሲጎድል የኢንሱሊን ጥሬ ፕሮቲን ላይ ላይሲን በትክክል አይነበብም፤ በቆሽታቸው ይህ ጂን የጠፋባቸው አይጦችም ስኳራቸውን መቆጣጠር ተሳናቸው። ይህ ብርቅ በሽታ ነው የሚል ካለ፣ በስኳር ክትትል ቀን ክሊኒክ ደጃፍ ላይ ያለውን ሰልፍ ይቁጠር።

ተቃራኒዬ የሚረታበት አንድ ቦታ አለ፤ እውነቱን ልስጠው። ሰሞኑን የትራንስፈር አርኤንኤ ቁርጥራጮች ካንሰርን ይጠቁማሉ፣ አባት የበላውን ለልጅ ያስተላልፋሉ፣ ይህን ያደርጋሉ ያንን ያደርጋሉ የሚል ጽሑፍ እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈልቷል። ከዚህ ውስጥ ጠንካራ ሥራ አለ፤ ለምሳሌ በ2016 የታተመው፣ በሚዛመት የጡት ካንሰር ውስጥ ሁለት ትራንስፈር አርኤንኤዎች መብዛታቸውንና መብዛታቸውም መዛመቱን መግፋቱን ያሳየው ጥናት። ብዙው ግን አብሮ መገኘትን እንደ መንስኤ የሚቆጥር ነው። ችላ የተባለን ነገር ከተገቢው በላይ መካብም ያው ስሕተት ነው። ለዚህ ነው ከላይ የጠራኋቸው ምስክሮች አብዛኞቹ ለውጡ ተደርጎ ውጤቱ የታየባቸው የሆኑት።

ነገሩን ከእኛ ቀድመው ያወቁም አሉ፤ ጠላቶቻችን። ኤችአይቪ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ሲገለብጥ መነሻ ያስፈልገዋል። መነሻውን ከራሱ አያመጣም። ከሰው ሕዋስ አንድ የላይሲን ትራንስፈር አርኤንኤ መርጦ ይሰርቅና በከረጢቱ ይዞ ይወጣል፤ አዲስ ሕዋስ ሲገባ በዚያ ሞለኪውል ጫፍ ላይ ቅጂውን ይጀምራል። በዓለም ላይ ከባድ ሐዘን ካስገቡ ቫይረሶች አንዱ ሥራውን የሚከፍተው በዚህ «ወዛደር» ቁልፍ ነው። መድኃኒት ቀማሚዎችም ሳያውቁት ደርሰውበታል። በየጤና ጣቢያው ለአራስ ዓይን፣ ለትራኮማ የሚቀባውን የቴትራሳይክሊን ቅባት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ቤት ጥቂት ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን የሚያቆመው፣ ጭነቱን የያዘው ትራንስፈር አርኤንኤ ራይቦዞም ውስጥ የሚቀመጥበትን ወንበር በመዝጋት ነው። ለቆዳ ቁስል የሚታዘዘው ሙፒሮሲን ደግሞ የባክቴሪያውን አይሶሉሲን ጫኝ ኢንዛይም ያግዳል። አያቶቻችን ዓይናችንን ሲቀቡን የባክቴሪያን አስተርጓሚ ከችሎት እያባረሩልን ነበር።

የአስተሳሰቡ ዋጋ የት ላይ እንደሚከፈል ልናገርና ልጨርስ። ዛሬ ምክንያቱ ላልታወቀ በሽታ በሰፊው የሚታዘዘው የጂን ምርመራ ኤግዞም የሚባለው ነው፤ የሚያነበው ፕሮቲን የሚያሠሩትን ክፍሎች ነው። የኒውክለስ ትራንስፈር አርኤንኤ ጂኖች ከዚያ ውጭ ናቸው። ምርመራው «ምንም አልተገኘም» ብሎ ሲመለስ፣ ያልተነበበው ገጽ ላይ ምን እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ደግሞ «በእነዚህ ጂኖች የሚመጣ በሽታ ብዙ አይታወቅም» ተብሎ ለአለመመርመሩ ማስረጃ ይደረጋል። ያልፈለጉትን ነገር አላገኘነውም ማለት ምስክርነት አይሆንም።

ሕክምናውም ዘግይቷል። ብዙ የዘር በሽታዎች የሚመጡት መልእክቱ መሃል ላይ ያለ ቦታው «አቁም» የሚል ቃል ሲገባ ነው። በ1982 የካሊፎርኒያው ዩኤት ዋይ ካንና ባልደረቦቻቸው የሰው ላይሲን ትራንስፈር አርኤንኤ ጂንን ለውጠው፣ ቤታ ታላሴሚያ የሚያመጣውን እንዲህ ያለ «አቁም» አልፎ እንዲያነብ አደረጉት፤ በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥም ሠራ። ሐሳቡ ግን ለአሥርተ ዓመታት መደርደሪያ ላይ ቆየ፤ በአይጥና በሰው ሕዋስ ላይ በብርቱ የተመለሱበት በቅርቡ ነው። ሞለኪውሉን ወደ ሕዋስ ማድረስ ከባድ ስለነበር ነው የሚለውን አልክድም። ግን ወዛደር ነው የተባለን ሞለኪውል መድኃኒት አድርጎ ለማሰብ የደፈረውም ጥቂት ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለት ወገን ነው። ለባዮሎጂ መምህራን፤ ያን መስቀል መሰል ቅርጽ ስትሥሉ «አስተርጓሚው» በሉት። ከ«ጫኝና አውራጁ» የሚረዝም ቃል አይደለም፤ ፈተናውንም አያከብድም፤ ተማሪው ግን ትርጉም ሲሳሳት ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ለሐኪሞች፤ ከፊታችሁ የተቀመጠው ወጣት ስኳር ካለበትና ቀጠን ያለ ከሆነ፣ ሁለት ነገር ጠይቁት። «እናትህ ስኳር አለባቸው?» «እናትህ፣ እህቶችህ፣ የእናትህ ወንድሞች ጆሯቸው በጊዜ ደክሟል?» መልሱ አዎ ከሆነ የ3243 ነገር ይታሰብ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ደም ላይ ለውጡ ስለሚሳሳ፣ ሽንት የተሻለ ናሙና ነው። እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ሜትፎርሚን ሲታዘዝም፣ ላክቲክ አሲድ እንዳይከማች ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሁለቱን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ማሽን አያስፈልግም፤ ገንዘብም አያስወጡም።